የስምንት ዓመት ልጅ በጋሪ

የጋሪው ቀበቶ ወገቡን አልበቃ ብሎ፣
ጉልበቱ ወደ አገጩ ተጠቅልሎ፣
ጫማው መሬት ሲጭር፣ ሲፍቅ አስፋልቱን፣
ኢታይ ተቀምጧል ታቅፎ ፈንዲሻውን።

ስምንት ዓመቱ ነው። ማባዛት ይችላል፤
ሰባት ጊዜ ስምንት ቢሉት ይመልሳል።
እህቱ ሄሌል ግን፣ ሦስት ያልሞላት ገና፣
ጋሪው የሷ ሆኖ ለሷ ተገዝቶ ሲያበቃ፣
"አልቀመጥም!" ብላ ከፊት ትሮጣለች፣
ርግብ ታባርራለች፣ ወድቃ ትነሣለች።

የዳስ በዓል ሰሞን፣ ሪሾን፣ የመዝናኛው በር፤
አገሩ በሙሉ የወጣ ይመስል ነበር።
ፀሐዩም መስከረም ማለቁን አልሰማም፤
አናት ይበሳል እንጂ አይራራም።
ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ብቻ
ሺህ ሁለት መቶ ቆጠርኩ በእርምጃ።
ከዚያ ደግሞ ሰልፍ፣ ከሰልፍ ወደ ሰልፍ፣
ለሁለት ደቂቃ ጩኸት አንድ ሰዓት መሰለፍ።

ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ከፊታችን
ዞር አለች፣ አየችው፣ ከዚያ እኔን።
"ይሄማ ትልቅ ልጅ ነው፤ አይራመድም እንዴ?"
እዚህ አገር ምክር አይሸጥም፤ በነፃ ይታደላል፣
ሳይጠየቅ የሰጠ ምስጋና ይጠብቃል።
ዝም አልኩ። ምን ልበላት?
አሽዶድ ሆስፒታል ማታ ገብቼ
ስድስት ወለል ወልውዬ፣
ጠዋት ልብስ ብቻ ቀይሬ እንደመጣሁ?
"እማዬ እግሬን" ሲለኝ የምሸከምበት ክንድ
ቀድሞ እንደደከመብኝ?

ከሷ ይልቅ የከበደኝ የእናቴ ዝምታ ነው።
እንጉዳይ ከኋላችን ትመጣለች፣
ነጠላዋን ከፀሐይ አናቷ ላይ ጥላ።
የምትለውን ጠዋት ደጃፍ ላይ ጨርሳዋለች፦
"እግር የተሰጠው ሊሄዱበት ነው።
በጋሪ ያደገ ማንን ነው የሚጦረው?"

ይቺን ቃል አውቃታለሁ፣ የመጣችበትንም።
ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እኔም።
ቀን እየተደበቅን፣ ሌሊት ወደ ሱዳን፣
ወንድሜ በአንቀልባ ጀርባዋን ወርሶ፣
ውሃው በትከሻዋ፣ ዱቄቱ በአናቷ፣
ለኔ የተረፈኝ የቀሚሷ ጫፍ ነው።
"እዘይኝ" እላታለሁ። "ትንሽ ቀረ" ትላለች።
ያቺ "ትንሽ" የምትላት ስንት ሌሊት ሄደች!
ቁልቁለቱን ወርዳ አሸዋ ተሻገረች፣
ጫማዬ አለቀና እሷ ሳታልቅ ቀረች።

ከሰዓት በኋላ፣
ሰማይ ላይ የሚጥመዘመዘው ባቡር ስር
አንድ ጎረምሳ በትር ይዞ ቁመት ይለካል።
ኢታይ ከጋሪው ዘሎ ወረደ፣
ተንጠራራ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣
ጸጉሩን እንኳ በጣቱ ወደ ላይ አቆመ።
"ሁለት ጣት ይቀርሃል" አለው ልጁ። "ለከርሞ ና።"
ለባቡሩ ትንሽ፣ ለጋሪው ትልቅ!
ተመልሶ ሲቀመጥ አላለቀሰም፤
ቀበቶውን ብቻ ሊቆልፈው ሞከረ፣
ያንን የማይደርሰውን።

መብራቶቹ ሲበሩ እንቅልፍ ጣለው።
አንገቱ ወደ ጎን፣ ፈንዲሻው እየፈሰሰ፣
አንድ እግሩ ከጫማው ወጥቶ።
ሄሌልም በመጨረሻ ደከማት፤ ደረቴ ላይ ተኛች።
በአንድ እጅ ብገፋው ጋሪው ወደ ግራ ይሸሻል፣
ጎማው ሲጢጥ ይላል፣ ሰው ዞሮ ያየናል።

አንድ እጅ መጣ ከኋላዬ።
ምንም ሳትል መያዣውን ወሰደችኝ።
ነጠላዋን አውርዳ ኢታይን አለበሰችው፣
የወጣውን ጫማ ብብቷ ሥር አደረገችው፣
ገፋች። ጎማው ለሷም ይጮሃል፤
ትንሽ ቀና አድርጋ ትመልሰዋለች።

ኢታይ ዓይኑን ሳይገልጥ
"ደረስን?" አለ በዕብራይስጥ።
"ትንሽ ቀረ" አለችው በአማርኛ።

አለችና እጇ መያዣው ላይ ቆመ።
እኔን አላየችኝም። እኔም አላየኋት።
መኪናችን ይታያል፣ ከትልቁ አውቶቡስ ጎን፣
ሃያ እርምጃ ቢሆን።